መሬቱ የሕዝብ፣ ማሳው የአርሶ አደሩ፦ ለልማት የሚነሣ ባለይዞታ መብቱ እስከ ምን ድረስ ነው?

ከደጀን ተነሥቶ ቢቸናንና ሞጣን አቋርጦ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ በአብዛኛው የሚያልፈው በእርሻ መካከል ነው። ጤፉ፣ ስንዴው፣ ሽንብራውና ጓያው በየወቅቱ ይፈራረቁበታል፤ በየማሳው ዳርቻ ደግሞ ባሕር ዛፍ ቆሟል። ሁለቱም ከተሞች ዙሪያቸውን በእርሻ የተከበቡ በመሆናቸው የሚሰፉበት ሌላ አቅጣጫ የላቸውም። ትምህርት ቤት ሲታሰብ፣ መንገድ ሲሰፋ፣ የመኖሪያ ወይም የኢንቨስትመንት ቦታ ሲከለል በመጀመሪያ የሚነካው በከተማው ጫፍ ያለው የአንድ አርሶ አደር ማሳ ነው።

«ደብተሩ በእጄ ነው፤ ግብሬንም በየዓመቱ ገብሬያለሁ፤ ታዲያ እንዴት ተነሥ እባላለሁ?» የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ያኔ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ በግማሽ ብቻ ይነገራል። ቀበሌው «መሬት የመንግሥት ነው» ይላል፤ አርሶ አደሩ «የአባቴ ርስት ነው» ይላል። ሕጉ የሚለው ከሁለቱም ይለያል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የገጠርም ሆነ የከተማ መሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። ብዙ ሰው የሚያውቀው እስከዚህ ድረስ ነው። ይኸው አንቀጽ ግን እዚያ ላይ አይቆምም። አርሶ አደሩ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት አለው ይላል። ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ለሠራው ግንባታና ላደረገው ቋሚ ማሻሻል ሙሉ መብት እንዳለውም ያረጋግጣል። በመጨረሻም መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል የግል ንብረት መውሰድ እንደሚችል፣ ይህን የሚያደርገው ግን ከንብረቱ ዋጋ ጋር የሚመጣጠን ካሳ በቅድሚያ ከፍሎ መሆኑን ያስቀምጣል። «በቅድሚያ» የሚለው ቃል ጌጥ አይደለም፤ አስቀድሞ ማሳው ታርሶ መንገድ ከወጣበት፣ ካሳው ደግሞ «በጀት ሲመጣ» ከተባለ የተጣሰው የበላይ ሕጉ ነው። አንቀጽ 44 በበኩሉ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት ለተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው ለተነካባቸው ሰዎች ተመጣጣኝ የገንዘብ ወይም ሌላ አማራጭ ማካካሻ የማግኘት መብት ይሰጣል። በቂ ድጋፍ ያለው የመልሶ ማቋቋም ሥራም በዚሁ ውስጥ ይካተታል።

ከዚህ የሚወጣው ነገር አንድ ነው። የሚካሰው መሬቱ አይደለም፤ በመሬቱ ላይ ያለው ንብረትና ከመሬቱ ይገኝ የነበረው ምርት ነው። መሬት ስለማይሸጥ የገበያ ዋጋ የለውም፤ የገበያ ዋጋ ስለሌለውም የካሳ ቀመር ውስጥ አይገባም። አርሶ አደሩና ገማቹ የማይግባቡት ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ስለ መሬቱ ያወራል፤ ሌላኛው የሚጽፈው ስለ ሰብሉ ነው።

በ2013 ዓ.ም. በሥራ ላይ የነበረው የመሬት ማስለቀቂያና የካሳ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲሆን፣ ማስፈጸሚያው ደንብ ቁጥር 472/2012 ነበር። አዋጁ በ1997 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 455ን ተክቷል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለባለ ማሳው ቀላል አይደለም። በቀድሞው አዋጅ መሬቱን በቋሚነት የሚለቅ አርሶ አደር ከንብረት ካሳው በተጨማሪ የሚያገኘው የመፈናቀያ ካሳ ባለፉት 5 ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካልተገኘለት ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ገቢ ከፍተኛው ተወስዶ በ15 ይባዛል።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይሻላል። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። ግማሽ ሄክታር ወይም ሁለት ጥማድ ጤፍ የሚያርስ አንድ አርሶ አደር ባለፉት 5 ዓመታት ከዚያ ማሳ በየዓመቱ 18 ሺህ፣ 22 ሺህ፣ 26 ሺህ፣ 31 ሺህ እና 36 ሺህ ብር አገኘ እንበል። በቀድሞው አዋጅ አማካዩ 26 ሺህ 600 ብር ሆኖ በ10 ሲባዛ 266 ሺህ ብር ይደርሳል። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከፍተኛው 36 ሺህ ብር በ15 ሲባዛ 540 ሺህ ብር ነው። ከእጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ምትክ መሬት ከተሰጠው ግን ስሌቱ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሳ የከፍተኛው ዓመት ገቢ ለአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ በምሳሌያችን 36 ሺህ ብር። ስለዚህ «ምትክ መሬት ወይስ ገንዘብ?» የሚለው ጉዳይ የሚሰጠውን መሬት በዓይን ሳያዩ፣ አፈሩንና ርቀቱን ሳያመዛዝኑ የሚዘጋ አይደለም። አዋጁ ተመጣጣኝ ያለው መሬት በስፋቱ ብቻ የሚለካ ቢሆን ኖሮ ውኃ የሚተኛበት መረሬም፣ ድንጋያማ ተዳፋትም አንድ በሆኑ ነበር።

በማሳው ላይ የቆመው ንብረት ለብቻው ይሰላል። ቤቱ ዛሬ እንደ አዲስ ቢሠራ የሚያስፈልገው ወጪ ይታያል። ያልተሰበሰበው ሰብል፣ አትክልቱ፣ ፍራፍሬው፣ ባሕር ዛፉ በየዓይነቱ ይቆጠራል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ደግሞ መሬቱ ላይ የፈሰሰውን ጉልበት ነው። የተሠራ እርከን፣ የተደለደለ ማሳ፣ የተቆፈረ የውኃ ማፋሰሻ፣ የተለቀመ ድንጋይ በሕጉ ቋሚ ማሻሻል ተብለው የሚካሱ ናቸው። በምሥራቅ ጎጃም በየዓመቱ በተፋሰስ ልማት ስንት የሰው ጉልበት እንደሚፈስስ የሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር እንዳልሆነ ይረዳል። ግምት ሲደረግ አላስመዘገቡትም ማለት ግን አልተሠራም ማለት ነው።

ዋናው ችግር ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። በ15 የሚባዛው ቁጥር ከየት ይመጣል?

በዚህ አካባቢ ምርትን መገመት አሮጌ ታሪክ አለው። በ1960 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር ሲያውጅ ግብሩ የሚጣለው ገማች ማሳው ላይ ቆሞ ምርቱን ገምቶ ነበር። ጎጃም አልተቀበለውም። ቢቸና፣ ሞጣና ዳሞት አውራጃዎች የዐመፁ ዋነኛ ማዕከሎች ሆኑ። ገበሬው የፈራው ግብሩን ብቻ አልነበረም፤ መሬቱ መለካቱና መገመቱ ርስቱን የሚነጥቅ ቀላድ ሆኖ ታየው። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ በአውሮፕላንም ደበደበ። በመጨረሻ ግን የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከሥልጣናቸው ተነሥተው ውዝፉ ግብር ተማረ። የዚያ ዘመን ገበሬ የተጣላው ምርቱን አብዝቶ ከሚገምት ሰው ጋር ነበር፤ የበዛ ግምት የበዛ ግብር ነውና።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ያነሰ ግምት ያነሰ ካሳ ነው። ልማዱ ግን አልተገለበጠም። ምርት ስንት ነው ተብሎ ሲጠየቅ ቀንሶ መናገር በብዙ ቤት እንደ ጥንቃቄ ይታያል፤ ግብር ይጨምርብኛል፣ ከዕርዳታ ወይም ከማዳበሪያ ብድር እሰረዛለሁ፣ ዓይን ይበላኛል የሚል ሥጋት አለ። 14 ኩንታል ያገባ ሰው ዘጠኝ ይላል። ያ ዘጠኝ በቀበሌው መዝገብ ይገባል፤ ከቀበሌው ወደ ወረዳው ይሄዳል፤ ከጎረቤቱ ዘጠኝ ጋር ተደምሮ የአካባቢው አማካይ ምርታማነት ይሆናል። ገማቹ ሲመጣ የሚይዘው ያንን ወረቀት ነው። በአምስት ኩንታል የተቀነሰ ምርት በ15 ሲባዛ 75 ኩንታል ጤፍ ነው። ይህን የሚያህል እህል ከጎተራ ሳይሆን ከመዝገብ ሲጠፋ የሚያለቅስለት ሰው የለም።

በግብርና ኮሌጅ የናሙና አጨዳ የሠራ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል። ከማሳው ዳር የተወሰደ ናሙናና ከመካከሉ የተወሰደ ናሙና አንድ አይሆኑም፤ በመስመር የተዘራና በብተና የተዘራ ጤፍም እንዲሁ። ስለዚህ የአንድን ማሳ ምርት በወረዳ አማካይ ብቻ መተካት ጠንክሮ የሠራውን አርሶ አደር ይጎዳል። ምርጥ ዘር የገዛበት ደረሰኝ፣ ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ ማዳበሪያ የወሰደበት ሰነድ፣ እህሉን ለማኅበሩ ወይም ለነጋዴ ያስረከበበት ወረቀት፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የጻፈው የማሳ መረጃ፣ እነዚህ ሁሉ ከአማካዩ በላይ ማምረቱን የሚያሳዩ ማስረጃዎች ናቸው። ጭዱም አይረሳ። በዚህ አካባቢ የጤፍ ጭድ የከብት መኖና የጭቃ ቤት ግድግዳ ነው፤ በገበያም ይሸጣል። ከማሳው የተገኘ ገቢ ከሆነ ከፍሬው ጋር ሊታሰብ ይገባዋል።

ሌላው ማስረጃ ራሱ ደብተሩ ነው። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ ሲጀመር ከሙከራ ቀበሌዎች አንዱ በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም፣ በጎዛምን ወረዳ የነበረው አዲስና ጉሊት ቀበሌ ነው። በመጀመሪያው ምዝገባ የተሰጠው ደብተር የማሳውን ስፋት በግምት ወይም በገመድ ልኬት ይይዛል፤ አዋሳኙንም በጎረቤት ስም ይጠራል። በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ የሚሰጠው ማረጋገጫ ግን የማሳውን ካርታ ያካትታል። ለካሳ ሲባል የዚህ ልዩነት ክብደት በአንድ ቃል ይገለጣል፤ ካሬ ሜትር። በገመድ ሁለት ጥማድ ተብሎ የተመዘገበ ማሳ በካርታ ሲለካ ሊሰፋም ሊጠብም ይችላል። የሁለተኛው ደረጃ ልኬት ደርሶበት ያልመጣበት፣ ወይም በሟች አባቱ ስም የቀረ ደብተር የያዘ ሰው የመነሻ ደብዳቤ ከመምጣቱ በፊት ጉዳዩን በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ቢያስተካክል ይበጀዋል። ደብዳቤ ከመጣ በኋላ የሚደረግ ዝውውር ጥርጣሬ ይከተለዋል።

ደብተሩ ላይ ብዙውን ጊዜ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን አለ። ይህ ለካሳም ይሠራል። ክፍያው በባል ስም ብቻ ተጽፎ፣ ገንዘቡም በሌላ ቦታ ሥራ ላይ ውሎ ሚስት ማሳዋንም ገንዘቧንም አጥታ የምትቀርበት አካሄድ በሕጉ የተፈቀደ አይደለም። በደብተሩ ላይ ያለች ሴት በግመታው ቀን በማሳው ላይ መገኘት፣ ቅጹንም ማየትና መፈረም አለባት።

አሁን ወደ 15ቱ እንመለስ። ከ10 ወደ 15 ማደጉ መሻሻል ነው። ይሁንና 15 ዓመት ለአርሶ አደር ረጅም ጊዜ አይደለም። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ መብት ጊዜ አይገደብበትም፤ ለልጅ ይወረሳል። በጎጃም ሰፊው የመሬት ድልድል የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ በወቅቱ «ቢሮክራሲ»ና «ቀሪ ፊውዳል» ተብለው የተፈረጁ ሰዎች መሬት ተቀንሶ በአንድ ሄክታር እንዲወሰኑ መደረጉን የሚያስታውሱ አባቶች ዛሬም አሉ። ከዚያ ወዲህ የተወለድነው ወጣቶች አብዛኞቻችን ድልድል አላየንም፤ መሬት ያለን በወላጅ ደብተር ወይም በየእኩል ነው። አንድ ቤተሰብ ማሳውን ሲለቅ የሚለቀው የአባትየውን 15 ዓመት ብቻ ሳይሆን፣ ገና ጎጆ ያልወጡትን ልጆች መነሻ ጭምር ነው። በየእኩል የሚያርሰው ወጣት ደግሞ በደብተሩ ላይ ስሙ ስለሌለ የመፈናቀያ ካሳው አይመለከተውም።

ከዚህ ጎን የሊዝ ሕጉን እናስቀምጥ። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት በከተማ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጥ ቦታ የሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት ነው። ትላንት ጤፍ የበቀለበት መሬት ወደ ከተማ ክልል ገብቶ ተሸንሽኖ ለጨረታ ሲቀርብ ተጫራቹ የሚከፍለው ለቦታው ነው፤ ከተማው የቦታውን ዋጋ ያውቃል፤ በካሬ ሜትርም ይጠራዋል። ለተነሺው ሲከፈል ግን ያው ቦታ ዋጋ የሌለው፣ ሰብል ብቻ የሚቆጠርበት መሬት ነበር። ሕጉ ውስጥ ያለው ትልቁ ስፌት የተላቀቀው እዚህ ይመስለኛል። አርሶ አደሩ በጨረታው ቀን በአጥሩ ውጭ ቆሞ ዋጋው ሲጠራ ይሰማልና ቂም ቢይዝ አያስገርምም።

የቂሙ ውጤት በየከተማው ጫፍ ይታያል። ማሳው ወደ ፕላን ሊገባ ነው ሲባል አንዳንዱ ባለይዞታ «ከመወሰዱ በፊት» ብሎ መሬቱን እየቆራረጠ በድብቅ ይሸጣል። ውሉ የቤት ሽያጭ ወይም ብድር ተብሎ ይጻፋል፤ በሌሊት የጨረቃ ቤት ይቆማል። ሻጭ ከካሳው የበለጠ ያገኘ ይመስለዋል፤ ገዥም ከሊዝ በረከሰ ዋጋ ቦታ ያገኘ ይመስለዋል። የመሬት ሽያጭ ግን በሕገ መንግሥቱ የተከለከለ በመሆኑ ገዥ ሕጋዊ ባለይዞታ አይሆንም፤ ቤቱ ሲፈርስ የሚጠይቀው ካሳ የለም። ሻጭም ለሸጠው ክፍል ካሳ ሊጠይቅ አይችልም። የገዥው ቁጠባ ብዙ ጊዜ ከዐረብ ሀገር የተላከ የእኅት ላብ ነው። ይህን ገበያ በማስፈራሪያ ብቻ ማቆም አይቻልም፤ የካሳው መጠን ከሊዙ ዋጋ እስከራቀ ድረስ የድብቁ ገበያ ትርፍ አለው።

ሌላው የሚያነጋግር ቃል «የሕዝብ ጥቅም» ነው። መንገድ፣ ጤና ጣቢያ፣ የውኃ ተቋም ሲሆን አከራካሪ አይሆንም። የግል ባለሀብት ፋብሪካ ሲሆንስ? አዋጁ የሕዝብን ጥቅም የሚወስነው ሕዝቡ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ይጠቀማል በሚል ሰፊ አገላለጽ ነው፤ ውሳኔው ግን በጸደቀ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ወይም በከተማ ፕላን ላይ መመሥረት እንዳለበት ያስገድዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይበልጥ ቁጥብ ነበር፤ የገንዘብ ጥቅም ለማግኘት ብቻ ሲባል ንብረትን ማስለቀቅ እንደማይቻል በግልጽ አስፍሯል።

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኒው ለንደን የምትባል ከተማ የነዋሪዎችን ቤት ለግል ልማት እንድታስለቅቅ በ5 ለ4 ድምፅ ፈቀደ፤ ምክንያቱም ልማቱ ሥራና ግብር ያመጣል የሚል ነበር። ቤቶቹ ፈረሱ፤ ይመጣል የተባለው ልማት ግን ሳይመጣ ቦታው ለዓመታት ባዶውን ቆየ። ከዚያ በኋላ ከ40 በላይ የሀገሪቱ ግዛቶች ሕጋቸውን አጠበቁ። እዚህም ታጥሮ ሣር የበቀለበት የኢንቨስትመንት ቦታ በየከተማው አለ። ማሳውን የለቀቀ ሰው ያን አጥር በየቀኑ እያየ ሲያልፍ «ለሕዝብ ጥቅም» የሚለው ቃል ምን ትርጉም እንደሚሰጠው መገመት አያዳግትም። አዋጁ ለዚህ የሚሰጠው አንድ መከላከያ አለ፤ ባለይዞታው በፕላኑ መሠረት መሬቱን ራሱ የማልማት ዐቅም ካለው የቅድሚያ መብት አለው። በኢንቨስትመንት ምክንያት የሚነሡ ሰዎች ከድርጅቱ የአክሲዮን ድርሻ የሚያገኙበትን መንገድም አስቀምጧል። እነዚህን ድንጋጌዎች በስብሰባ ላይ ጠቅሶ የሚጠይቅ ተነሺ ያስፈልጋል፤ ካልተጠየቁ በወረቀት ላይ ይቀራሉ።

ስብሰባው ራሱ የሕግ ግዴታ ነው። በአዋጁ መሠረት ተነሺዎች መሬታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነት፣ ስለ ጥቅሙና ስለ አጠቃላይ ሂደቱ ሊወያዩ ይገባል። በስብሰባው የሚያዘው ቃለ ጉባኤ ኋላ ላይ ለክርክር የሚጠቅም ሰነድ ስለሆነ ሳያነቡ መፈረም አይገባም። የሚለቀቀው መሬት በደብዳቤ ከተገለጸ በኋላ የሚተከል ዛፍም ሆነ የሚሠራ ቤት አይካስም፤ ለካሳ ተብሎ በጥድፊያ የሚተከል ችግኝ ገንዘብ ማጥፋት ነው። ካሳው ከተከፈለ በኋላ ባለይዞታው እስከ 120 ቀን ባለው ጊዜ ያስረክባል፤ በመሬቱ ላይ ሰብልም ሆነ ሌላ ንብረት ከሌለ ጊዜው ወደ 30 ቀን ያጥራል። መንገድ ተቋራጭ ለድንጋይ ማውጫ ወይም ለካምፕ ለተወሰኑ ዓመታት ብቻ የሚወስደው መሬትም ካሳ አለው፤ ሲመለስ አፈሩ ተገፍፎ ድንጋይ ብቻ እንዳይሆን መሬቱ ከመሰጠቱ በፊት የነበረውን ሁኔታ በጽሑፍና በፎቶግራፍ ማስያዝ ብልኅነት ነው።

ለከተማ ነዋሪው ስሌቱ ሌላ ነው። የመኖሪያ ቤቱ በፕላን መንገድ ወይም በሌላ ግንባታ ምክንያት የሚፈርስበት ሕጋዊ ባለይዞታ ከቤቱ ካሳ በተጨማሪ ምትክ ቦታ ይሰጠዋል፤ እስኪሠራም ድረስ የፈረሰው ቤት የ2 ዓመት ኪራይ ግምት ይከፈለዋል ወይም ለ2 ዓመት ያለ ኪራይ የሚኖርበት ቤት ይመቻችለታል። አዋጁ ከቀድሞው በተለየ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳትም ካሳ አስገብቷል። ዕድሩ፣ ማኅበሩ፣ የሠፈሩ ቡና ዋጋ እንዳለው ሕግ ሲቀበል ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ግምቱ ያነሰበት ወይም ከነጭራሹ የተዘለለ ንብረት ያለው ሰው አቤት የሚልበት መንገድ ተዘርግቷል። በመጀመሪያ የማስለቀቂያ ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ያቀርባል። በዚያ ውሳኔ ካልረካ በ30 ቀን ውስጥ ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤው፤ ቀጥሎም ለፍርድ ቤት ይሄዳል። ብዙ ጥሩ አቤቱታ የሚወድቀው በፍሬ ነገሩ ሳይሆን በእነዚህ ቀኖች ነው። ለሽማግሌ ተነግሮ፣ ለሊቀ መንበሩ ቃል ተሰጥቶ፣ «ይስተካከላል» ተብሎ አንድ ወር ያልፋል። በሽምግልና መነጋገር አይከለከልም፤ የሽምግልናው ቀን ግን የአቤቱታውን ቀን አያስቆምም።

አቤቱታው ሲጻፍ «ካሳው አነሰኝ» ማለት ብቻ አይበቃም። የቱ ንብረት እንደተዘለለ፣ የማሳው ስፋት በደብተሩ ስንት እንደሆነና በግመታው ስንት እንደተያዘ፣ በየትኛው ዓመት ስንት ኩንታል እንደተመረተና በወቅቱ የገበያ ዋጋው ስንት እንደነበር አንድ በአንድ መዘርዘር አለበት። ገማቹ የሞላውን ቅጽ ግልባጭ መጠየቅ መብት ነው፤ ግልባጩ ከሌለ በምን ላይ እንደሚከራከሩ አይታወቅም። የማስለቀቂያ ደብዳቤውን ሲቀበሉም የተቀበሉበትን ቀን በፊርማቸው አጠገብ ይጻፉ፤ 30ው ቀን የሚቆጠረው ከዚያች ዕለት ነው።